ፍሮንቶቴምፖራል ዲሜንሺያ፦ ለየትኛው ጥናት መፈረም ይሻላል?

ባለቤቴ እንደታመመ የገባኝ ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ለቅሶ ቤት ነው። ከሟች ወንድም አጠገብ ተቀምጦ፣ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሳለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሳቀና «ዳቦው አለቀ እንዴ?» ሲል ጠየቀ። በይሉኝታው የሚታወቅ ሰው ነበር። ቡናው ላይ ስድስት ማንኪያ ስኳር መጨመር ከጀመረ ቆይቷል፤ የልጃችን የምረቃ ቀን ሲደርስም ቀኑን አስታውሶ፣ ልብሱ ተተኩሶለት «አልሄድም» ብሎ ቀርቷል። ዘመድ ጸበል እንዲጠመቅ መከረ፣ የመጀመሪያው ሐኪም ድብርት ነው አለ፣ የበሽታው ትክክለኛ ስም የተነገረን ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ነው።

በአማርኛ ዲሜንሺያን በጅምላ «የመርሳት በሽታ» ማለታችን እዚህ ላይ ያሳስታል። ፍሮንቶቴምፖራል ዲሜንሺያ የሚጀምረው የአንጎልን የፊትና የጎን ክፍሎች በማጥቃት ስለሆነ በመጀመሪያ የሚታየው መርሳት ሳይሆን የጠባይ ለውጥ፣ ግዴለሽነት ወይም የንግግር መበላሸት ነው። ብዙ ጊዜ የሚጀምረውም ከ45 እስከ 64 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ ሰው ገና ሥራ ላይ እያለና ልጅ እያስተማረ ነው። የበሽታውን ግስጋሴ እንደሚያዘገይ ተረጋግጦ የተፈቀደ መድኃኒት እስካሁን የለም። ለአልዛይመር የሚታዘዘው ዶኔፔዚል ለዚህ በሽታ አይረዳም፣ አንዳንዱንም ሰው ያስቆጣዋል፤ ሜማንቲን የተባለውም ተሞክሮ ጥቅም አልታየበትም። ስለዚህ ቤተሰብ ዓይኑን ወደ ምርምር ይጥላል።

ብዙ ቤተሰብ ግን «የትኛው መድኃኒት ይሠራ ይሆን?» ከሚለው ጥያቄ ይጀምራል፤ እኛም ከዚያው ነበር የጀመርነው። የዚያን መልስ የሚያውቅ ሰው ቢኖር ኖሮ ሙከራው ባላስፈለገ። ከሱ ይልቅ ምርጫዎቹን በደንብ የሚለየው «ይህ ፊርማ የሚመለስ ነው ወይስ የማይመለስ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ከዚህ በታች የማነጻጽራቸውም በዚህ መለኪያ ነው።

መድኃኒት የሌለበት ጥናት

የመጀመሪያው ልዩነት በክትትል ጥናትና በመድኃኒት ሙከራ መካከል ያለው ነው። በክትትል ጥናት ማንም መድኃኒት አይሰጥም። ደም ይወሰዳል፣ የአንጎል ኤምአርአይ ይነሣል፣ የማሰብና የቋንቋ ፈተና ይሰጣል፣ አስታማሚው ለብቻው ስለ ታማሚው ጠባይ ይጠየቃል፤ ከወገብ ፈሳሽ መውሰድም ሊጠየቅ ይችላል፣ ይህን ግን ሳይፈቅዱ መሳተፍ ይቻል እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። በሰሜን አሜሪካ ዋናው ኦል-ኤፍቲዲ የሚባለው፣ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ገንዘብ የሚደገፈው ጥናት ሲሆን ሁለት መንገድ አለው፦ በሽታው በዘራቸው ያለባቸው ቤተሰቦች በየዓመቱ የሚመላለሱበት አንዱ፣ የዘር ታሪክ ለሌላቸው ታማሚዎች በዋናነት ደምና ፈሳሽ የሚሰበሰብበት ደግሞ ሌላው። በዋሺንግተን አካባቢ ለሚኖር ሰው የሚቀርቡት ባልቲሞር የሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ እና ፊላደልፊያ የሚገኘው ፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ናቸው። በአውሮፓና በካናዳ ተመሳሳዩን ሥራ የሚሠራው እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በዘር የሚተላለፈውን ዓይነት የሚከታተለውና ከለንደን የሚመራው ጄንፊ ነው፤ ከማዕከሎቹ መካከል ስቶክሆልም፣ ሮተርዳምና ሚላን ይገኛሉ።

የክትትል ጥናት ጉድለቱ ግልጽ ነው፤ ለታማሚው የሚሰጠው ሕክምና የለም፣ ቀኑም ያደክማል። በእኛ ቀጠሮ ባለቤቴ፣ ለዓመታት የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ ስለነበር፣ ከመኪና እንደወረደ የሆስፒታሉን ማቆሚያ መኪኖች በእጁ እየመራ ማስተናገድ ጀመረ። ለማስገባት 40 ደቂቃ ፈጀብን። ኤምአርአይ ውስጥም ጸንቶ አልተኛም፤ ባለሙያዋ በትዕግሥት ሦስት ጊዜ ሞክራ ተወችው፣ የተነሣው ምስልም ግማሽ ነው።

ጥቅሙ ግን ከምናስበው በላይ ነው። በሽታውን በሚያውቁ ሐኪሞች ዓይን ሥር መሆን ብቻውን ትልቅ ነገር ነው፤ ሁለት ዓመት ተኩል ሙሉ ድብርት ተብሎ ለከረመ ሰው በተለይ። አዲስ የመድኃኒት ሙከራ ሲከፈትም ተመራማሪዎቹ መጀመሪያ የሚደውሉት የሚያውቋቸው ቤተሰቦች ጋ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚመለስ ፊርማ ነው፤ በማንኛውም ቀን መተው ይቻላል፣ ነገ የመድኃኒት ሙከራ ቢገኝም አያግድም። እ.ኤ.አ. በ2017 የተጀመረው የፍሮንቶቴምፖራል በሽታዎች መዝገብም እንዲሁ ነው፤ በነጻ፣ ከቤት ሆኖ የሚመዘገቡበት ነው። ለማንኛውም ቤተሰብ፣ በየትኛውም ደረጃ ላይ ቢሆን፣ በእነዚህ መጀመር ይሻላል የሚል እምነት አለኝ፤ ምክንያቱም የቀረው ምርጫ ሁሉ ጊዜ የሚፈልግ ነው።

በዘር የመጣ ነው ወይስ አይደለም?

የመድኃኒት ሙከራዎቹን በር የሚከፍተውም የሚዘጋውም የጂን ምርመራ ነው። በሽታው ከዘር በሚመጣበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ከሦስት ጂኖች በአንዱ ላይ ያለ ለውጥ ነው፦ ሲ9ኦርፍ72፣ ጂአርኤን እና ኤምኤፒቲ። ለውጡ ያለበት ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጅ የማስተላለፍ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ከሦስቱ ውስጥ በቅርብ ዓመታት ብዙ ሙከራ የተካሄደው በጂአርኤን ላይ ነው፤ ችግሩ ተለይቶ ይታወቃላ፦ ፕሮግራኑሊን የተባለው ፕሮቲን በግማሽ ያህል ያንሳል፣ ስለዚህ ፕሮቲኑን መጨመር ግልጽ ዒላማ ሆኗል።

ምርመራው በደም ጠብታ የሚያልቅ ይመስላል፤ ጣጣው ግን ቤተሰቡን ሁሉ የሚነካ ነው። ባለሙያዋ የሦስት ትውልድ ዝርዝር ስትጠይቀኝ ጎንደር ለባለቤቴ አክስት ደወልኩ። ስለ እናቱ ስጠይቃቸው «እሷ እኮ ተለክፋ ነው፤ በሽታ በዘራችን የለም» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ነው፣ ቀስ እያሉ፣ እናቱ በ50 ዓመታቸው አካባቢ እንግዳ ፊት ልብስ ማውለቅ ጀምረው እንደነበር የነገሩኝ። በእኛ ዘንድ የዘር በሽታ ወሬ የልጆችን ትዳር ስለሚነካ ይደበቃል፤ ለተመራማሪ ግን ይህ ወሬ ከደም ናሙና የማይተናነስ መረጃ ነውና ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ መጠየቅ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ሁለቱ የጥናት ዓይነቶች በጣም ይለያያሉ። በክትትል ጥናት ጤነኛ የሆነ ልጅ ወይም ወንድም ደሙን ሰጥቶ ውጤቱን ሳያውቅ መሳተፍ የሚችልበት አሠራር አለ። የጂን ተሸካሚ ብቻ በሚቀበል የመድኃኒት ሙከራ ግን መቀበሉ ራሱ ውጤቱን ይነግራል፤ ማወቅ ደግሞ አይመለስም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ጂና የተባለው ሕግ የጤና ኢንሹራንስ ድርጅትና አሠሪ በጂን ውጤት እንዳያድሉ ይከለክላል፤ የሕይወት፣ የአካል ጉዳትና የረጅም ጊዜ እንክብካቤ ኢንሹራንስን ግን አይሸፍንም። ልጆቻችሁ እነዚህን የሚፈልጉ ከሆነ ከምርመራው በፊት በጉዳዩ ከጄኔቲክ አማካሪ ጋር ይነጋገሩ። አማካሪ ሳያዩ ውጤት በፖስታ መቀበልን በፍጹም አልመክርም።

በባለቤቴ ምርመራ ከሦስቱ ጂኖች ለውጥ የተገኘበት የለም። ለልጆቻችን ደስ ብሎን፣ ለእሱ ግን አብዛኛው የመድኃኒት ሙከራ በዚያው ቀን ተዘጋበት። ጂን ላልተገኘባቸው ታማሚዎች የቀረቡት በአብዛኛው ምልክትን ለማስታገስ የታሰቡ ሙከራዎች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ በካናዳ ተመራማሪዎች የተመራው፣ ኦክሲቶሲን የተባለውን ሆርሞን በአፍንጫ የሚነፋው ጥናት ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣው ውጤት በግዴለሽነት ላይ አነስተኛ መሻሻል ታይቷል። አነስተኛ መሆኑን አሰምርበታለሁ።

በደም ሥር፣ በእንክብል ወይስ አንድ ጊዜ በሚሰጥ የጂን ሕክምና?

የጂአርኤን ለውጥ ላለበት ቤተሰብ እውነተኛው ማነጻጸር የሚጀምረው እዚህ ነው። በደም ሥር ከሚሰጡት ውስጥ ረጅም መንገድ የተጓዘው አሌክተርና ግላክሶስሚዝክላይን ያዘጋጁት ላቶዚኔማብ ነው። በየ4 ሳምንቱ እየተሰጠ ለ96 ሳምንት የሚዘልቅ ሦስተኛ ደረጃ ሙከራ ነበር፤ ይህም ማለት አንድ ታማሚና አንድ አስታማሚ ወደ 25 ጊዜ ገደማ መመላለስ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 ውጤቱ ሲነገር መድኃኒቱ በደም ውስጥ ያለውን ፕሮግራኑሊን እንደታሰበው ከፍ አድርጓል፤ በሽታውን ግን አላዘገየም፣ ሁሉም ተሳታፊ እውነተኛውን መድኃኒት የሚወስድበት ቀጣይ ምዕራፍም ተቋረጠ። ከዚህ የሚወሰደው ማስጠንቀቂያ ለሌሎቹም ሁሉ ይሠራል፤ አንድ ሙከራ «በደም ምርመራ ጥሩ ውጤት አሳይቷል» ሲባል ሰውየው ተሻለው ማለት አይደለም። በሲ9ኦርፍ72 በኩልም ተመሳሳይ ነገር ደርሷል፤ ባዮጅንና ዌቭ በወገብ በኩል ይሰጧቸው የነበሩት ሁለት መድኃኒቶች በፈሳሹ ውስጥ ዒላማቸውን ቀንሰው ሳለ ለታማሚው ጥቅም ስላልታየባቸው አንዱ በ2022፣ ሌላው በ2023 ቆመዋል።

ይህን የምጽፈው ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት፣ ሲከሽፍም እንኳ፣ ሲቆም ከሰውነት ይወጣል፣ ተሳታፊውም መድኃኒቱ ከሰውነቱ እስኪወጣ የሚጠበቀውን ጊዜ ጨርሶ ሌላ ሙከራ መሞከር ይችል ይሆናል። ዴናሊና ታኬዳ ያዘጋጁት፣ የጎደለውን ፕሮቲን ራሱን ወደ አንጎል ለማሻገር የተሠራው መድኃኒት ከዚሁ ወገን ነው። ቬስፐር ባዮ የሚሞክረው ቪኢኤስ001 ደግሞ በአፍ የሚዋጥ ነው፤ ዒላማው ከላቶዚኔማብ ጋር አንድ ሲሆን አንጎል ውስጥ ገብቶ እንዲሠራ የታሰበ ነው። ለመርፌ ለሚበረግግ ታማሚና ከሥራ መቅረት ለማይችል አስታማሚ እንክብል ይቀልላል፤ ነገር ግን በየቀኑ መዋጡን የሚያረጋግጥ ሰው ቤት ውስጥ ሊኖር ይገባል፣ ባለቤቴ ክኒን ከምላሱ ሥር ደብቆ የአበባ ማሰሮ ውስጥ ሲተፋ እንደኖረ ያወቅነው አፈሩ ሲቀየር ነው።

የጂን ሕክምና ከሁሉም ይለያል። ጉዳት እንዳያደርስ የተዘጋጀ ቫይረስ ጤናማውን ጂን ተሸክሞ ይገባል፤ የሚሰጠውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የሊሊ ድርጅት የሆነው ፕሪቬይልና ፓሴጅ ባዮ የሚሞክሯቸው ከራስ ቅል በታች፣ ከማጅራት በስተኋላ ባለው የፈሳሽ ክፍተት ውስጥ ይወጋሉ፤ የለንደኑ አቪያዶባዮ ደግሞ በአንጎል ቀዶ ሕክምና ታላመስ ወደተባለው የአንጎል መሃል ክፍል በቀጥታ ያስገባል። እነዚህ ገና መጀመሪያ ደረጃ ላይ ያሉ ሙከራዎች ማስመሰያ መድኃኒት (ፕላሴቦ) የላቸውም፣ የገባ ሁሉ እውነተኛውን ያገኛል፤ ብዙ ቤተሰብን የሚስበውም ይህ ነው። ሆኖም መጠኑ በየደረጃው እየተለወጠ ስለሚሞከር መጀመሪያ የሚገቡት ሰዎች የሚያገኙት መጠን በኋላ የሚሻለው ሆኖ ላይገኝ ይችላል። ከገባ በኋላ ማውጣት አይቻልም፣ ሰውነት ቫይረሱን ለይቶ መከላከል ስለሚጀምር ሌላ የጂን ሕክምና ለመውሰድ ብዙውን ጊዜ በሩ ይዘጋል፣ የሰውነት መከላከያን የሚቀንስ መድኃኒት አብሮ ይወሰዳል፣ ክትትሉም እስከ 5 ዓመት ይዘልቃል። ፊርማው የማይመለስ ነው።

ከሁለቱ ለማን የትኛው ይሻላል? ምልክቱ ገና ለታየበት፣ ራሱ አስቦ መወሰን ለሚችልና አደጋውን አውቆ «ለልጆቼ ሲባል እሞክራለሁ» ለሚል ሰው የጂን ሕክምና ተገቢ ምርጫ ሊሆን ይችላል። ቤተሰቡ ተቻኩሎ፣ ታማሚው ሳይገባው፣ «አንድ ጊዜ ተወግቶ ይገላገል» በሚል ከሆነ ግን የሚመለሰውን መጀመሪያ መሞከር ይበልጣል። ይህ የእኔ ፍርድ ነው፤ የተለየ ፍርድ ያላቸው ሐኪሞች አሉ።

አስታማሚው፣ ቋንቋው፣ ጓዳው

ለመድኃኒት ሙከራ ታማሚውን በደንብ የሚያውቅ አጋር በየቀጠሮው እንዲገኝ ይጠየቃል፣ የክትትል ጥናትም በአብዛኛው እንዲሁ ነው። ይህ አጋር በተግባር አስታማሚው ነው። ስለዚህ ሁለት ሙከራዎችን ስታነጻጽሩ የቀጠሮውን ብዛት በአስታማሚው የሥራ ቀን አስሉት። የመጓጓዣና የማደሪያ ወጪ ቀድሞ ይከፈላል ወይስ ከኪስ አውጥቶ ቆይቶ ይመለሳል? ለአስታማሚውም ይጨምራል? ከቅጹ በላይ የሚያስቸግረው ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

ቋንቋ ሌላው ነው። የማሰብና የቋንቋ ፈተናዎቹ በእንግሊዝኛ የተዘጋጁ ስለሆኑ አንዳንድ ሙከራ እንግሊዝኛ አቀላጥፎ መናገርን እንደ መስፈርት ያስቀምጣል፤ በሽታው ንግግርን በሚያጠቃበት ጊዜ ደግሞ በኋላ የተማሩት ቋንቋ ቀድሞ ሊሸሽ ይችላል። ገና በመጀመሪያው ስልክ ይህን መጠየቅ ከብዙ ድካም ያድናል። አስተርጓሚም ባለሙያ መሆን አለበት፣ ልጅ አይሁን። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ሆስፒታል በስልክ የቀረበልን አስተርጓሚ ፕላሴቦን «ቀለል ያለ መድኃኒት» ብሎ ተረጎመው፤ ባለቤቴም «እሱ ይሻለኛል» አለ። ፕላሴቦ መልኩ ብቻ መድኃኒት ነው እንጂ ምንም የለበትም። እንግሊዝኛው ባይገባኝ ኖሮ በዚያ ቃል ላይ እንፈርም ነበር። እስራኤል የምትኖሩ አንባቢዎች ሙከራውን የሚያጸድቀው የሆስፒታሉ የሄልሲንኪ ኮሚቴ ስለሆነ በቅጹ ላይ ያለውን ማጽደቂያ መጠየቅ ትችላላችሁ።

የጓዳውን ነገር ተመራማሪ ካልተነገረው አያውቅም። ጥቁር አዝሙድ፣ ፌጦ፣ ዳማ ከሴ፣ ማር ተለውሶ የሚቀመስ ማንኛውም ነገር መድኃኒት ነውና ከሐኪም መድኃኒቶች ጋር በዝርዝሩ ይግባ። ጾም የሚጾም ታማሚ ከምግብ ጋር የሚዋጥ እንክብል ካለው ሰዓቱን ከፋሲካ ጾም በፊት መነጋገር ያስፈልጋል፤ የሚደብቅ ሰው አለ፣ ውጤቱንም ያበላሻል። በተረፈ ለመሳተፍ ብዙ ገንዘብ ክፈሉ የሚል «ሙከራ»፣ በተለይ በስቴም ሴል ስም የሚመጣ፣ ሲገጥማችሁ ስልኩን ዝጉት። ከኢትዮጵያ ዘመድ በጎብኚ ቪዛ አስመጥቶ ለሁለት ዓመት ክትትል ማስፈረምም የማይዘልቅ ነገር ነው።

ጊዜውና ፊርማው

አብዛኛው ሙከራ የሚቀበለው በመለስተኛ ደረጃ ላይ ያለ ታማሚ ነው። ከዚያም በላይ፣ የገዛ አንጎሉን በሚመለከት ውሳኔ ሰውየው ራሱ ሊፈርም የሚችልበት ጊዜ አጭር ነው። የጤና ውክልና ሰነድ በዚያ ጊዜ ውስጥ ካልተሠራ በኋላ በፍርድ ቤት መሄድ ይመጣል። ባለቤቴ የክትትል ጥናቱን ቅጽ ሲፈርም «ይህ ለእኔ አይደለም አይደል?» ብሎ ጠየቀኝ፤ አይደለም አልኩት፤ ስሙን ሙሉ እስከ አያቱ ጻፈ።

በዚያው ዕለት የአንጎል ልገሳ ቅጽም ተሰጠን፤ በሽታው የየትኛው ፕሮቲን እንደሆነ፣ ታው ይሁን ቲዲፒ-43፣ እንደ እሱ ጂን ላልተገኘበት ሰው በእርግጠኝነት የሚታወቀው ከሞት በኋላ በሚደረግ ምርመራ ነው። ይህኛውን ለመወሰን አራት ወር ፈጀብን። የንስሐ አባታችንን ጠየቅን፣ አስከሬን ወደ ሀገር ቤት ለመላክ ያግድ እንደሆነ ጠየቅን፤ አያግድም፣ ፊትም አይነካም ተባልን። የሚያስፈልገው ፍጥነት ነው፤ እሱ ካረፈ ሰዓታት ሳያልፉ ማዕከሉ ማወቅ አለበት። ስለዚህ ስልክ ቁጥሩ ማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፏል፣ ሁለተኛው ቅጂ ደግሞ ለእድሩ ጸሐፊ ተሰጥቷል፤ በዚያ ሰዓት ቤታችን መጀመሪያ የሚደርሱት እነሱ ናቸው።